መልሱ የሚዘገይበት ቤት

ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ኤምባርካዴሮ በሚባለው የባሕር ዳር ጎዳና፣ ቀድሞ የመርከብ ጭነት ይራገፍበት የነበረው ፒር 15 እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የኤክስፕሎራቶሪየም ቤት ነው። ከውጭ ላየው ረጅም መጋዘን ነው፤ ምሰሶዎቹን ባሕር ውስጥ ተክሎ ወደ ወሽመጡ ይዘልቃል። ጣሪያው ላይ ከ5,800 በላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ ቤቱ የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው ከሥሩ ካለው የባሕር ውሃ ጋር ሙቀት እየተለዋወጠ ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ሙዚየም ሲባል የሚጠብቀውን አያገኝም። ድምፅ ዝቅ አድርጉ የሚል ጥበቃ የለም፤ "አትንኩ" የሚል ጽሑፍም ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከ600 በላይ ማሳያዎች በሰፊው ወለል ላይ ተበትነዋል፤ የሚሽከረከረው፣ የሚንኳኳው፣ የሚያፏጨው፣ የሚረጨው ሁሉ የሚነካው እጅ ይጠብቃል። ከዚህ ጀምሩ የሚል ቀስትም የለም፤ ጎብኚው ከፈለገበት ጀምሮ በደከመበት ያቆማል።

በየማሳያው አጠገብ አጭር ጽሑፍ አለ። አደረጃጀቱን ልብ ላለው ሰው ብዙ ይናገራል፤ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግና ምን እንደሚስተዋል ይነግራል፣ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የሚያስረዳው ክፍል ከዚያ በታች ነው። የቤቱ ሕግ ይህ ቅደም ተከተል ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እጅ ይቀድማል፣ ዓይን ይከተላል፣ ማብራሪያ መጨረሻ ይመጣል። ሕጉን ቀን በቀን የሚጥሱት ታዲያ ልጆቹ ሳይሆኑ ልጆቹን ይዘው የመጡት አዋቂዎች ናቸው። ልጁ ገና ማሳያውን ዞሮ ሳያየው ወላጁ የታችኛውን አንቀጽ አንብቦ ጨርሷል፤ ጎንበስ ብሎም ያብራራል። አስቦለት ነው፣ ለመግቢያውም ገንዘብ ከፍሏል፣ ልጁ አንድ ነገር ይዞ እንዲወጣ ይፈልጋል። እኔ ግን እንዲህ ባለ ቦታ የጉብኝቱን ፍሬ ከማሽኖቹ ይልቅ የሚወስነው አዋቂው የሚናገርበት ሰዓት ነው እላለሁ። ማብራሪያ ይቅር አላልኩም፤ ይዘግይ ነው ያልኩት። ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ ለሚመጡት ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይህ ማዘግየት ከሚገመተው በላይ ከባድ፣ ከሚገመተውም በላይ የሚታወቅ ነገር ነው።

ቅደም ተከተሉን ያመጣው ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው፤ የአቶሚክ ቦምብ አባት የሚባለው የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም። በ1912 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ እንደ ወንድሙ ፊዚክስ አጠና፣ እንደ ወንድሙ በማንሃተን ፕሮጀክት ሠራ፣ በ1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳም እዚያው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የኮስሚክ ጨረር ያጠና ነበር። በ1949 ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበረ በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት አመነ፤ ሥራውን አጣ፣ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በርም ተዘጋበት። ኮሎራዶ ገብቶ ከብት አርቢ ሆነ። ከዓመታት በኋላ በ1957 ፓጎሳ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዲያስተምር ተቀጠረ፤ ተማሪዎቹንም ወደ አሮጌ ዕቃ መጣያ እየወሰደ ከተጣሉት ማሽኖች መካኒክስን፣ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን ያሳያቸው ጀመር። ቀጥሎ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ መቶ ያህል የሙከራ መሣሪያዎችን ሁልጊዜ ዝግጁ አድርጎ አስቀመጠ፤ ተማሪው በፈለገው ሰዓት መጥቶ እንደ መጽሐፍ እንዲያገላብጣቸው። በ1965 ለምርምር አውሮፓ ሲሄድ የለንደኑን የሳይንስ ሙዚየም፣ የፓሪሱን ፓሌ ደ ላ ደኩቨርትና የሙኒኩን ዶይቸስ ሙዚየም አየ። በ1969 ደግሞ ከ1915ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን በተረፈው የሳንፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ቤተ መንግሥት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየምን ከፈተ። በ1985 እስኪሞት ድረስም መራው።

ታሪኩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሰው ጥቂቶች ሠርተውት ከእነሱም ያነሱ ሰዎች የወሰኑበትን መሣሪያ በዓይኑ አይቷል። ተፈጥሮን ለመረዳት መሞከርን የተወ ሕዝብ የኑሮውንና የአገሩን ጉዳይ ለመረዳት መሞከሩንም ይተዋል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሙዚየሙን ሲሠራ ሳይንቲስት ማፍራት ዋና ግቡ አልነበረም፤ ተራው ሰው "ብፈልግ ይህን ልረዳው እችላለሁ" የሚለውን ስሜት መልሶ እንዲያገኝ ፈለገ። ትምህርት ቤት የሚወድቅ ተማሪ አለ፣ ሙዚየም ገብቶ የወደቀ ግን የለም ማለትን ይወድ ነበር። ማሳያዎቹ የሚሠሩበትንና የሚጠገኑበትን ወርክሾፕ ጎብኚው እንዲያየው አድርጎ እዚያው ወለል ላይ ማስቀመጡም ከዚሁ እምነት የመነጨ ነው፤ መፍቻውና መሰርሰሪያው ከማሳያው እኩል ይታያሉ። ግቡ ይህ ከሆነ የጉብኝት መለኪያው ይለወጣል። አሥር እውነታ ሸምድዶ የወጣ ልጅና አንዲት ነገር ራሱ ፈልፍሎ ያገኘ ልጅ እኩል አልጎበኙም፤ ብዙ ወላጅ የሚያደንቀው ግን የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም የእሱን ትርፍ ቤት ሲደርሱ ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል።

አንዱን ማሳያ ረጋ ብለን እንየው፤ ባለቀለሙን ጥላ። ነጭ ግድግዳ አለ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አምፖሎች ጎን ለጎን ሆነው ያበሩበታል፣ ሦስቱ ብርሃኖች ስለሚደራረቡም ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይታያል። ልጅ መካከል ሲገባ ግን አንድ ጥቁር ጥላ መውደቅ ሲገባው ሦስት ይወድቃል፤ አንዱ ውሃ ሰማያዊ፣ አንዱ ደማቅ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ። እዚህ ቦታ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው መጨፈር ነው። አዋቂው ይህ ጊዜ ማባከን መስሎት ቶሎ ጣልቃ ይገባል። ጭፈራው ውስጥ ግን ሥራ አለ። ልጁ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ጥላዎቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲርቅ ይለያያሉ። ሁለቱ በተደራረቡበት ቦታ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ብቅ ይላል፤ ሦስቱም በተገናኙበት ላይ ብቻ እውነተኛው ጥቁር ይመጣል። ልጁ ይህን በቃል ማስረዳት አይችል ይሆናል፣ እጁን የት ቢያደርግ ምን እንደሚመጣ ግን ጥቂት ቆይቶ ያውቃል። ከዚያ አንዱን አምፖል ይጋርዳል። ቀዩን ሲጋርደው ግድግዳው በሙሉ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቅድም የአንዱ ጥላ ቀለም የነበረው ማለት ነው። አሁን ጥያቄው መጣ። ጥላ ብርሃን የሌለበት ቦታ ነው ወይስ ከብርሃኖቹ አንዱ የጎደለበት? ቢጫው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ልጁ በቀለም ትምህርት ቀይና አረንጓዴ ሲቀላቀሉ የቆሸሸ ቡናማ እንደሚሰጡ ያውቃል፤ እዚህ ግን ሰማያዊው ሲጋረድ የቀሩት ቀይና አረንጓዴ ብርሃኖች ጥርት ያለ ቢጫ ሰጡ። የሚያውቀውና የሚያየው ተጣሉበት። ገና ከጅምሩ "የብርሃን መሠረታዊ ቀለሞች ሦስት ናቸው" ብሎ የተናገረ ወላጅ ስሕተት አልተናገረም፤ ለልጁ ገና ያልመጣለትን ጥያቄ ነው የመለሰው። ልጁም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ማሳያ ይሮጣል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልከራከርበትም ነበር። በ2011 ኮግኒሽን በተባለው የጥናት መጽሔት ላይ ኤልዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ ያወጡት ሥራ ነገሩን በቀላል አሻንጉሊት ፈትኖታል። ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ከቱቦዎች የተሠራ አሻንጉሊት ተሰጣቸው፤ የተደበቁ አራት ነገሮች ነበሩት፦ አንዱ ቱቦ ሲሳብ ይጮኻል፣ ሌላው ውስጥ መብራት አለ፣ ሌላው ሙዚቃ ያሰማል፣ ሌላው ውስጥ ደግሞ ፊትን ገልብጦ የሚያሳይ መስታወት አለ። ለአንዳንዶቹ ልጆች አጥኚዋ እንደ አስተማሪ ሆና "ይህ አሻንጉሊት እንዲህ ነው የሚሠራው" ብላ ጩኸቱን አሳየቻቸው። ለሌሎቹ ጩኸቱን በድንገት ያገኘችው አስመሰለች፤ ወይም ምንም ሳታሳይ ሰጠቻቸው። የተማሩት ልጆች የተጫወቱት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከቀሩት ሦስት ነገሮች ያገኙትም ጥቂት ነው። ያልተማሩት ብዙ ቆዩ፣ ብዙም አገኙ። የጥናቱ ውበት ልጆቹን ሰነፍ አለማድረጉ ነው። ልጆቹ በጥሩ አመክንዮ ነው የሄዱት፤ የሚያውቅና የሚያስብልን ትልቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ ካሳየን ሌላ ቢኖር ኖሮ ያሳየን ነበር፣ ስለዚህ ሌላ የለም። አዋቂው ሲያብራራ እግረ መንገዱን የነገሩንም ዳር ድንበር ያሰምራል ማለት ነው። አዋቂው የከበረ በሆነ ቁጥር ድንበሩም ይጠነክራል፤ ታላቅን ማክበር የመጀመሪያ ትምህርት በሆነበት ቤት ላደገ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ ፈጥኖ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። ወደ ላይ በሚነፍስ አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ኳስ እንውሰድ። የአየሩ ቧንቧ ወደ ጎን ቢያዘነብልም ኳሱ አይወድቅም። ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የቀረን ዓረፍተ ነገር ወዲያው አፋችን ላይ ይመጣል፤ ፈጣን አየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ በርኑሊ። ነገር ግን ከቧንቧ ወጥቶ በግልጽ አየር ውስጥ የሚሄድ ነፋስ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ግፊቱ ከአካባቢው አየር አያንስም። ኳሱን የሚይዘው በአብዛኛው ነፋሱ የኳሱን ገጽ ታክኮ ስለሚታጠፍ ነው፤ ኳሱ አየሩን ወደ አንድ ወገን ሲያጥፈው አየሩ ኳሱን ወደ ሌላው ወገን ይገፋዋል። ኳሱን በእጇ ቀስ አድርጋ ወደ ዳር የሳበችና መልሶ የሚጎትታትን ኃይል የተሰማት ልጅ የበርኑሊን ስም ጠቅሶ ካለፈው አባቷ ይልቅ ለእውነቱ ትቀርባለች። ብዙዎቻችን ላቦራቶሪ የምናውቀው በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው፤ የያዝነውም ለፈተና የሚበቃ ዓረፍተ ነገር ነው። እውቀት የመሰለን ትዝታ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ጥሩ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ከትምህርት ተመራማሪዎች ራሳቸው የመጣ ነው። በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ ጀማሪን ያለ በቂ መሪ መልቀቅ አያስተምርም ብለው በብርቱ ጽፈዋል፤ የሰው የሥራ ትውስታ ጠባብ ስለሆነ በፍለጋው ብቻ ተጨናንቆ ለትምህርቱ ቦታ ያጣል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ዴቪድ ክላርና ሚሌና ኒጋም የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሳይነኩ መሞከርን በቀጥታ ሲማሩ፣ ራሳቸው እንዲያገኙት ከተተዉት ይልቅ ብዙዎቹ እንደቻሉት አሳይተዋል። ይህን ማስረጃ ወደ ጎን ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። ፊደልን፣ የማባዛት ሠንጠረዥን፣ የሙከራ ሥርዓትን ልጅ ራሱ እንዲፈጥር መጠበቅ ግፍ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ የሚመስሉት ጥያቄውን "ማብራራት ወይስ አለማብራራት" ብለን ስናስቀምጠው ነው። ዳንኤል ሽዋርትዝና ጆን ብራንስፎርድ በ1998 ያወጡት ጥናት የሰዓቱን ጉዳይ አነሳ። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚለያዩ ማስረጃዎችን ራሳቸው እንዲመረምሩ ተደርጎ ቀጥሎ ገለጻ ሲሰጣቸው፣ ጽሑፉን አንብበውና አሳጥረው ጽፈው ያንኑ ገለጻ ከሰሙት የበለጠ ተጠቀሙበት። ገለጻው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገለጻው ሲመጣ ጆሮው ምን ያህል ተዘጋጅቶ ነበር የሚለው ነው። ስለዚህ በሙዚየሙ ወለል ላይ መልሱን ያቆየ ወላጅ ማስተማር አልተወም፤ ትምህርቱ የሚገባበትን ቦታ እያሰፋ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዓይን እማኝ ነው። ልጆች እዚያ የሚያደርጉት መሮጥ፣ ቁልፍ መጫንና ወደሚቀጥለው መሮጥ ነው፣ ይህን ምርምር ብሎ መጥራት ማቆላመጥ ነው ይባላል። ትችቱ እውነት አለው፤ ሙዚየሙ ራሱም ተቀብሎታል። የኤክስፕሎራቶሪየም ባለሙያዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ሰፊ ሥራ፣ አንድ የታቀደ ውጤት አሳይተው በሚያበቁ ማሳያዎችና ጎብኚው የራሱን ጥያቄ እያነሳ እንዲቀጥል ተደርገው በተሠሩት መካከል ያለውን ልዩነት ለኩ። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ጎብኚ በአማካይ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቆም በሁለተኞቹ ዘንድ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆየ። ሦስት ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ብዙ ነው። ሩጫው የልጅ ባሕርይ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል፤ ቁልፉ አንድ መልስ ብቻ ካለው መልሱን ያገኘ ልጅ ለምን ይቆማል? በ2010 ደግሞ ጆሹዋ ጉትዊልና ሱ አለን ቤተሰቦችን ቀላል ጨዋታ አስተማሩ። መጀመሪያ ማሳያውን እንደፈለጉ ይነካካሉ፤ ከዚያ ማንኛቸውም መልሱን የማያውቁትን፣ ማሳያው ግን ሊመልሰው የሚችለውን አንድ ጥያቄ ይመርጣሉ፤ ሞክረው ያዩትን ይነጋገሩበታል። ይህን የተማሩ ቤተሰቦች በሌላ አዲስ ማሳያ ላይም የተሻለ መመርመር ቻሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው የጨዋታው ሁለተኛ ሕግ ነው፤ ወላጅም የማያውቀው ጥያቄ መሆን አለበት። አውቆ እንዳላወቀ መምሰል አይበቃም።

ሦስተኛው ጉዳይ የራሴን ክርክር የሚያጠብብ ስለሆነ ልዘለው አልችልም። ከሳንፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ በሳን ሆዜ የልጆች ዲስከቨሪ ሙዚየም ኬቨን ክራውሊ፣ ሞሪን ካላናን፣ ሃሪየት ቴነንባምና ኤልዛቤት አለን ከ1 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ቀርጸው በ2001 ያወጡት ጥናት አለ። ወላጆች ማሳያው እንዴት እንደሚነካ ለወንድ ልጅም ለሴት ልጅም እኩል ይነግራሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የሚያስረዱት ግን ለወንዶቹ ሦስት እጥፍ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ ወላጆቹም የልጅ ሙዚየም ለመምጣት ጊዜ የሰጡ ናቸው። እንግዲህ "ዝም በሉ" የሚለው ምክር እንዲሁ ቢወሰድ ሴት ልጅ ቀድሞውንም የተረፋትን ዝምታ ይበልጥ ያበዛባታል። የሚጠብቅ ዝምታና የረሳ ዝምታ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የሚለያዩት ከልጅቱ እጅ ላይ ዓይን ባለመንቀሉና ልጅቱ ዞር ብላ "ለምን?" ስትል መልስ ወይም ሌላ ጥያቄ በማግኘቷ ነው። መዘግየት የሚለው ቃል ውስጥ በኋላ መምጣት አለ፤ ጭራሽ ካልመጣ የቀረ ነው እንጂ የዘገየ አይባልም። ወንድና ሴት ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ በዚያ ቀን "ስለዚህ" እና "ምክንያቱም" የሚሉትን ቃላት ለማን ስንት ጊዜ እንዳወጣ ቢቆጥር ሊደነግጥ ይችላል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ልጅን የምናሳድገው በምክርና በትእዛዝ ነው፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለም? ይባላል። ግን ከዚያው ቤት የወጣውን እንቆቅልሽ ደግሞ እናስታውስ። ጠያቂው መልሱን ያውቃል፤ ተጠያቂው ሲያቅተው እንኳ ዝም ብሎ አይነግረውም፣ "አገር ስጠኝ" ይለዋል። አገር ተሰጥቶ፣ ተሹፎ፣ ተስቆ ነው መልሱ የሚወጣው። መልስ በነፃ አይሰጥም ነበር፤ ማዘግየቱ ራሱ የጨዋታው ጣዕም ነበር። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ሽምደዳ ብቻ አድርጎ የሚያየውም የቅኔ ቤቱን ይረሳል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ ነውር ነው፤ ከሰው ርቆ፣ ለብቻው ቆጥሮ፣ ያልተባለ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። መምህሩ የሚያርመው ተማሪው ካመጣ በኋላ ነው። ንባቡና ዜማው የቃል ጥናት መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን ያው ሥርዓት ከፍ ሲል ተማሪውን ራሱ እንዲያመጣ ያዝዘው ነበር። ስለዚህ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚጠይቀን ለወጋችን እንግዳ አይደለም፤ ወጋችን ለትልልቆቹ ተማሪዎች ያቆየውን ለሰባት ዓመት ልጅ እንድንሰጥ ነው የሚጠይቀን። እንቆቅልሹን ግን ለልጆች መስጠታችንን አንርሳ።

በውጭ አገር የሚኖር ወላጅ ሌላም ስጋት አለው፤ ልጁ እንግሊዝኛውን ከእሱ በላይ ያቀላጥፋል፣ ጽሑፉን ቀድሞ ያነባል፣ ሳይንሱንም ከትምህርት ቤት ይዞት መጥቷል። አለማወቁ እንዳይገለጥ ሲል ወይ ጨርሶ ይርቃል ወይ የማያውቀውን ያብራራል። በጉትዊልና በአለን ጨዋታ ግን የማያውቅ ሰው ጉድለት የለበትም፤ እንዲያውም ጨዋታው ያለ እሱ አይጀመርም። "ይህን ብንጋርደው ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ብሎ በአማርኛ መጠየቅ የሚጠይቀው እውቀት የለም፣ ልጁንም ጥላውን፣ ግፊቱንና አዙሪቱን በአማርኛ እንዲጠራ ያስገድደዋል። ወላጅ ቀዳሚ የሚሆንባቸው ማሳያዎችም አሉ። ሙዚየሙ የላም ዓይን እየተከፈተ የሚታይበት ጠረጴዛ አለው፤ ሌንሱ ወጥቶ፣ ከበስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተገልጦ ይታያል። በዓል በመጣ ቁጥር በግ ሲታረድ እያየ ያደገ ሰው ሳንባውን፣ ጨጓራውንና ሐሞቱን ስም እየጠራ ያውቃል፤ ሥጋ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ብቻ ያየው ልጁ ነው የሚሰቀጥጠው። የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ቅርጽ ያለው የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ፊት ግን ሚናው ሊለወጥ ይችላል። ንጹሕ ነው፣ ማንም ለሌላ ነገር ተጠቅሞበት አያውቅም፤ አእምሮ ጠጣ ሲል ሆድ እምቢ ይላል። በጽዳት ጉዳይ ቀልድ በማያውቁት በእኛ እናቶች ዘንድ እዚያ ማሳያ ፊት የሚነሳው ክርክር ራሱን የቻለ ትምህርት ይወጣዋል።

የገንዘቡን ነገር ማለፍ አይቻልም። ሙዚየሙ ሲከፈት መግቢያው ነፃ ነበር፤ ዛሬ ለአዋቂ 40 ዶላር አካባቢ ነው። በዓመት ጥቂት ቀናት የፈለጉትን ከፍለው የሚገቡበት ዕድል መኖሩና በአሜሪካ ብዙ ሙዚየሞች የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ካርድ ለያዙ ቤተሰቦች ዋጋ ዝቅ ማድረጋቸው ይረዳል፣ ችግሩን ግን አይፈታውም። ውድ ትኬት ደግሞ ወላጅን ያቻኩላል፤ ለከፈለው ገንዘብ 600ውንም ማሳያ ማየት ያምረዋል። በእኔ ግምት አምስት ማሳያ ላይ የዋለ ልጅ የበለጠ ጎብኝቷል፤ ይህን ግን ትኬቱን ላልከፈለ ሰው መናገር ቀላል መሆኑን አምናለሁ።

ለአገር ቤት የሚሻገረው ነገር እንደ ሕንፃው ውድ አይደለም። አዲስ አበባ በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተከፈተ የራሷ ሳይንስ ሙዚየም አላት፤ ስቴምፓወርን የመሰሉ ድርጅቶችም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተግባር ማዕከላት ከፍተዋል። ኤክስፕሎራቶሪየም በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ማሳያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳዩ ሦስት የአሠራር መጻሕፍት አውጥቷል፤ 200 ያህል ማሳያዎች ከነልካቸውና ከነብልሽታቸው ተገልጸዋል፣ ሌሎች ገልብጠው እንዲሠሯቸው ታስቦ። ከርካሽ ዕቃ በየክፍሉ ሊሠሩ የሚችሉትንም ለመምህራን በነፃ ያድላል። ባለቀለሙ ጥላ ሦስት አምፖልና ነጭ ግድግዳ ነው የሚፈልገው፤ መብራት ካልጠፋ። ከባዱ ክፍል ከማሳያው አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው። ሙዚየሙ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለዚህ ሥራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በደመወዝ ይቀጥራል፤ ለልጅ ቅርብ ናቸው፣ የማያውቁትንም አላውቅም ማለት አይከብዳቸውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ውጤትና ምደባ እየጠበቁ ወራት ቤት የሚውሉት ልጆቻችን ለዚህ ሥራ የሚያንሱ አይመስለኝም። ማሽኑን በሳምንት ይለምዱታል። አንዲት እናት ከኋላ መልሱን ጮክ ብላ ስትናገር በትሕትና "እማማ፣ ትንሽ ይጠብቋት" ማለትን ለመልመድ ግን ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋሉ።